ጋሼ ባዘዘው ያስገቡት ሴንሰር

የዓለምወርቅን ከኋላዋ "ሞኝና ወረቀት" ይሏታል። የያዘችውን አትለቅም ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጡላት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጡ ነው፤ ሰምታለች፤ ቅርም አላላት። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በሠላሳ ዓመቷ መጥታ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ ከዚያ ድንገት ተነስታ "መካኒክ እሆናለሁ" ብላ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ጎረምሶች ጋር ክፍል የተቀመጠች ሴት ሌላ ምን ትባል? አራት ዓመት እየሠራች ተማረች። የመጨረሻውን ፈተና አንዴ ወደቀች፤ ሁለተኛ ተቀምጣ አለፈች። ዛሬ አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለች፣ ሦስት መኪና ብቻ በምትይዝ ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች።

ታዲያ ምን ያደርጋል። ፈረንጁም ፊሊፒኖውም ቁልፉን ይሰጣታል። የአገሯ ሰው ግን መኪናው ሲያስላት ቴምፕል ሰፈር ያለውን የእሷን ቤት አልፎ ማርቲንዴል ሰፈር፣ ጋሼ ባዘዘው ዘንድ ይሄዳል።

ጋሼ ባዘዘው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፤ እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ሙያ ኖሩ። አሁን የምእመኑን መኪና በቤታቸው ጋራዥ ያያሉ፤ ክፍያ ሲባሉ "ጸልዩልኝ" ይላሉ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያዳምጡና በሽታውን ይናገራሉ። ያስገቡትን ዕቃ ሁሉ ደግሞ በነጭ ቀለም ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ይጽፉበታል፤ በእኛ አቆጣጠር፣ በእኛ ፊደል። "ዕቃም ዕድሜውን መደበቅ የለበትም" ይላሉ። ይቺን አባባላቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

የዓለምወርቅ እኚህን ሰው ትወዳቸዋለች። መጀመሪያ በመጣችበት ክረምት፣ አውቶቡስ በማይሠራበት ሰዓት ሥራ ስትገባ፣ ሦስት ወር ሙሉ በገዛ መኪናቸው ያደረሷት እሳቸው ናቸው። መካኒክነት ልማር ስትላቸው ግን ሳቁባት። "እጅሽ ይበላሻል ልጄ" አሏት። ወረቀቷን ይዛ ስትመጣም "ጌታ ይመስገን" ብለው አቀፏት እንጂ የራሳቸውን መኪና ኮፈን አንድ ቀን ከፍታ እንድታይ አልፈቀዱላትም። ይሄ ነገር ያንገበግባት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም።

እንግዲህ በየካቲት ወር፣ ሐሙስ ከሥራ ልትወጣ ስትል ጎረቤቷ ቆንጅት ደወለችላት።

"የዓለም፣ ደሞ ቆማብኝ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። "ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ። ሹፌሩ ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብኝ። አርባ ደቂቃ ብርድ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች።"

ቆንጅት አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት። የጠዋት ሺፍቷ ከተማው ደቡብ ጫፍ ነው፤ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሷ ካልደረሰች ከአልጋ የሚያወርዳቸው የለም። ሲክስ ሰርቲ፣ በፈረንጅ ሰዓት ስድስት ተኩል ላይ፣ በሩ ላይ መገኘት አለባት። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ዘገየች። ሁለተኛ ጊዜ ስትደርስ ሽማግሌው እርጥብ አንሶላ ላይ ተኝተው "አትጨነቂ" አሏት፤ ከቁጣ ይልቅ ያ ቃል አንጀቷን በላው። አሠሪዎቿ ደግሞ ጻፉላት፤ አንድ ቀን ብትደግሚ ሺፍቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አርብ እረፍቷ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ሥራ የለባትም። ሰኞ ግን አይቀርላትም።

"መኪናዋን አምጫት" አለቻት የዓለምወርቅ። "እስከ ሰኞ በሽታዋን አገኘዋለሁ።"

የመኪናን ኮምፒዩተር የሚያነበውን ስካነር ስትሰካ የብልሽቱ ኮድ ወዲያው ወጣ፤ የካምሻፍት ሴንሰር። ካምሻፍት የሞተሩ የላይኛው ዘንግ ነው፤ ሴንሰሩ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት፤ ዘንጉ ሲዞር የት እንደደረሰ ለኮምፒዩተሩ ትነግራለች። እሷ ዝም ካለች ኮምፒዩተሩ መቼ እሳት እንደሚሰጥ ግራ ይገባውና ሞተሩ ይጠፋል።

"ሴንሰሩ እንኳ አዲስ ነው" አለች ቆንጅት። "ያኔ ጭራሽ አልነሳ ስትለኝ ጋሼ ባዘዘው ናቸው ቀይረው ያስነሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ትነሳለች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ስነዳ ነው የምትጠፋው።"

"አሁንም እንደምትጠፋ ነግረሻቸዋል?"

"ምን ቆርጦኝ። በነፃ ለፍተውልኝ? እሑድ እሑድ ሲጠይቁኝ ሰላም ናት ጌታ ይባርክዎት እላቸዋለሁ።"

እዚህ ላይ ነው የዓለምወርቅ የተሳሳተችው፤ እኔም የምናደድባት። ኮዱ ጣቱን ቀስሮ "ይቺን እያት" እያላት፣ ሌላ ሰው ያስገባው ቢሆን ወዲያው የምትነቅለውን ዕቃ፣ ጋሼ ባዘዘው ስላስገቡት ብቻ ዘለለችው። የእሳቸውን እጅ ሥራ መፈተሽ እሳቸውን መፈተሽ መሰላት። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ጨዋ ይመስላል፣ ሥራ ግን ያስፈታል።

ሐሙስ ማታ ባትሪውን ለካች፤ ደህና ነው። ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒዩተሩ ያሉትን ሦስት ሽቦዎች ፕላስተራቸውን እየላጠች በጣቷ ሄደችባቸው። አርብ ከሥራ በኋላ መሰኪያዎቹን ነቅላ አጸዳች፣ ሽቦውን እየወዘወዘች ሞተሩ ይደነግጥ እንደሆነ አየች፤ አልደነገጠም። ዘንጉን የሚያዞረው ሰንሰለት ረዝሞ እንደሆነ ፈተሸች፤ አልረዘመም። የሥራ ባልደረቦቿ ኮታቸውን ሲለብሱ አንዱ "ኮምፒዩተሩ ነው፣ ተይው" አላት። እሷ እንዲህ ሲሏት ነው ይበልጥ የሚብስባት።

ቅዳሜ የጋራዡ ባለቤት ሩቤን ግማሽ ቀን ሠርቶ ዘጋና ቁልፉን ለእሷ ተወላት። ቆንጅት ጀርባዋን ለሂተሩ ሰጥታ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። የዓለምወርቅ ኮፈኑ ሥር አጎንብሳ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ቀና አለች። ሽቦው ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ሰንሰለቱ ደህና። ያልተነካ አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፤ ለምን እንዳልነካችውም ታውቃለች። ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነበሯት፤ "አዲስ ዕቃ ማለት ገና ያልተፈተነ ዕቃ ማለት ነው" ይሉ ነበር። ፈተና ላይ ጽፋ ነጥብ ያገኘችበትን ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ረስታው ነበር። በራሷ ተናደደች።

"ቆንጂ፣ ከመኪናዬ ውስጥ ቦርሳዬን አምጪልኝ። ፀጉር ማድረቂያዬ አለበት።"

"ፀጉርሽን ልትሠሪ ነው?"

"ሴንሰሩን ላሞቀው ነው። ብርድ ላይ ደህና ሆና፣ ስትሞቅ የምታብድ ከሆነ እናያለን።"

የመለኪያውን ገመድ ሴንሰሩ ሽቦ ላይ አስራ ሞተሩን አስነሳች። ስክሪኑ ላይ የሴንሰሩ መልእክት ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ልክ እንደ አጥር፣ እንጨቱ በእኩል እኩል የተተከለ። ማድረቂያውን ከፍታ ሴንሰሩ ላይ ደገነችው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አጥሩ ደህና ነው። በአራተኛው ደቂቃ ከአጥሩ አንድ እንጨት ጎደለ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ቀረ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።

ቆንጅት ከሣጥኑ ተነሳች። "አገኘሽው?"

"ቆይ።"

የዓለምወርቅ በሩን ከፍታ ከውጭ በረዶ በፕላስቲክ ከረጢት ዘግና መጣች፤ ከረጢቱን ሴንሰሩ ላይ አስደግፋ ትንሽ ጠበቀች፤ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ተነሳች። እንደገና አሞቀቻት፤ ጠፋች። እንደገና በበረዶ አቀዘቀዘቻት፤ ተነሳች። ሦስተኛም ደገመችው፤ አንዴ የሆነ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላላ። ከዚያ ብሎኗን ፈትታ ሴንሰሩን ነቀለችና ዘይቱን በጨርቅ ጠረገች።

በነጭ ቀለም፣ በምታውቀው ጽሕፈት፣ "ጥር 2010" ይላል።

"ይሄ እኮ ስምንት ዓመቱ ነው" አለች ቆንጅት። "አዲስ ነው ብለውኛል። ከየት አመጡት?"

የዓለምወርቅ በልቧ አንድ በአንድ ገጣጠመችው። ቆንጅት ይቺን መኪና ስትገዛ የመረጡላት ጋሼ ባዘዘው ነበሩ፤ "የእኔ ዓይነት ግዢ፣ አታሳፍርም" ብለዋት። የእሳቸው ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ ደጃቸው ላይ በረዶ ለብሳ ቆማለች። ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሲጠየቁ "ሐኪሙ ተራመድ ብሎኛል" ይላሉ።

"ከራሳቸው መኪና ነው የነቀሉልሽ" አለች። "የእሳቸው መንገድ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስምንት ደቂቃ። ሴንሰሯ ለመሞቅ ጊዜ አግኝታ አታውቅም። መታመሟን እሳቸውም አላወቁም።"

ቆንጅት አፏን በእጇ ያዘች። "በጌታ የዓለም፣ አትንገሪያቸው" አለች። "አዲሱን እናስገባና ዝም እንበል። ሆድ ይፍጀው።"

"ሆድ ሲፈጀው ነው ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ስትቆሚ የከረምሽው" አለቻት የዓለምወርቅ። "እነግራቸዋለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤም ቢሆን እነግራቸዋለሁ።"

ከመለዋወጫ መደብር ሁለት ሴንሰር ገዛች። አንዱን አስገብታ በማድረቂያው አሥር ደቂቃ ሙሉ አነደደችው፤ ከአጥሩ አንድ እንጨት አልጎደለም። ከዚያ ቆንጅትን አሳፍራ ዲርፉትን እስከ ደቡብ ጫፍ ወርደው ተመለሱ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ነዱ። መኪናዋ አላሳለችም። ሁለቱም ግን ከዚህ በፊት "ዳነች" ብለው ያውቃሉና ሰኞ እስኪያልፍ ደስታቸውን ያዝ አደረጉት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማርቲንዴል ሄዱ። ጋሼ ባዘዘው በጋራዣቸው ውስጥ ካቻቢቴዎቻቸውን በቁመታቸው እየደረደሩ ነበር። የዓለምወርቅ ያቺን ሴንሰር ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ የቆንጅትን መኪና የምታቆማት ይቺ ናት። ስትሞቅ ትጠፋለች። ሦስቴ ፈትኜ አይቻታለሁ።"

ጋሼ ባዘዘው ሴንሰሯን አንስተው የራሳቸውን ጽሕፈት አዩት። "እኔ ሳዳምጣት ሞተሩ ልክ ነበር" አሉ።

"ይሄ ነገር ድምፅ የለውም ጋሼ። በጆሮ አይያዝም።"

ወደ ቆንጅት ዞሩ። "መቼ ነው መጥፋት የጀመረችው?"

"ባስገቡልኝ ሳምንት።"

"ሦስት እሑድ ጠየቅሁሽ። ምን አልሽኝ?"

"ሰላም ናት አልኩዎት።" ቆንጅት አንገቷን ደፋች።

"አንቺስ?" አሉ የዓለምወርቅን። "መቼ መጣችልሽ?"

"ሐሙስ።"

"መጀመሪያ የሚፈተሸው ምንድን ነው?"

"ኮዱ የጠቆመው።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ ያስገቡት ስለሆነ ዘለልኩት። አፈርኩ።"

የተቆጡት አሁን ነው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። "ከእኔ አፍረሽ ይቺን ልጅ አውራ ጎዳና ላይ ልታስቀሪያት? በዚህ ብርድ? ብታከብሪኝ ሻይ ላይ አክብሪኝ፣ ወንበር ልቀቂልኝ። ኮፈን ሥር ማንንም አታክብሪ። አራት ዓመት የተማርሽው ይሄን አይደለም እንዴ?"

የዓለምወርቅ እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ከያዘች አትለቅምና፣ "እርስዎስ አዲስ ነው ብለው አልነበር?" አለች። "ዕቃ ዕድሜውን መደበቅ የለበትም የሚሉት እርስዎ ነዎት።"

ጋሼ ባዘዘው ሴንሰሯን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። "ከራሴ መኪና ነው ብላት ትቀበለኝ ነበር?"

ቆንጅት ራሷን ነቀነቀች። አትቀበልም ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዷ እንዳይከፋቸው ዋሸች፣ አንዷ እንዳይከፋቸው ዘለለች፣ እሳቸው ደግሞ እንዳትሳቀቅ ብለው ዋሹ። ሦስቱም የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሦስቱም ልጅ ሆነው ሰምተዋል፤ መኪናዋ ግን መንገድ ላይ ቆመች።

የዓለምወርቅ ሁለተኛውን ሴንሰር አወጣች። "ይሄ የእርስዎ ነው። አሁኑኑ ላስገባልዎ፣ አምስት ደቂቃ ነው።"

"የእኔን ተይው" አሉና ፊታቸውን ወደ ካቻቢቴዎቻቸው መለሱ። "ሂዱ፣ ይመሽባችኋል።"

የዓለምወርቅ ሴንሰሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። መናገሯ አልቆጫትም፤ እሳቸውን እንዳታጣ ግን ፈራች።

ሰኞ ጠዋት ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነበር። የዓለምወርቅ ከቆንጅት ቀድማ ነቅታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኳን አስቀመጠች። በፈረንጅ ሰዓት አምስት ሃምሳ ላይ የቆንጅት መኪና ስትነሳ በመስኮት ሰማች። ስድስት ከሩብ ሆነ፤ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ፣ ሁልጊዜ የምትጠፋበት። የዓለምወርቅ ቆማ ጸለየች፤ ጸሎቷም አጭር ነበር፤ "ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ"። ስድስት ሃያ። ስድስት ሃያ ሦስት። ስልኩ አልጮኸም፤ መልካም ይሁን ክፉ አላወቀችም።

ስድስት ሃያ ስድስት ላይ ጮኸ።

"ደርሰናል" አለች ቆንጅት።

የዓለምወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቃሉ ዘግይቶ ገባት። "ደርሰናል? እነማን?"

"ጋሼ ባዘዘው አብረውኝ ነበሩ እኮ። ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው፤ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው፣ ቅንድባቸው በረዶ ሠርቶ። በመጀመሪያው ባስ ነው የመጡት። 'ብትቆምም ብቻሽን አትቆሚም' አሉኝ። ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ በሩ መጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም የዓለም፤ ሰዓታቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ስናልፍ 'ጎበዝ' አሉ።"

"ለመኪናዋ ነው?"

"እኔ እንጃ። በቃ ልግባ፣ ሽማግሌዬ ይጠብቁኛል።"

የዓለምወርቅ ወዲያው ጋሼ ባዘዘው ዘንድ ደወለች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"የት ነዎት ጋሼ?"

"ባስ ማቆሚያ።"

"እዚያው ይቁሙ፣ መጥቼ ልውሰድዎ።"

"ተይ፣ ሥራ ትገቢያለሽ። ባሱ በአሥር ደቂቃ ይመጣል።" ሊዘጉ ነው ስትል ቀጠሉ። "ማታ ከሥራ ስትወጪ ጊዜ አለሽ?"

"ለምን ጋሼ?"

"መኪናዬን እንድታይልኝ። ያቺን ያመጣሽልኝን ሴንሰር አስገቢያት። ፀጉር ማድረቂያሽንም ይዘሽ ነይ፤ ሳትፈትኚ እንዳታስገቢ።" ከዚያ ጨመሩ። "ወሩንና ዓመቱን አንቺ ትጽፊበታለሽ። እጄ ይንቀጠቀጣል ልጄ፤ ዓመት አልፎታል፤ ለማንም አልነገርኩም።"

"እሺ ጋሼ" አለች የዓለምወርቅ፤ ፀጉር ማድረቂያዋንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።